ሁለት ሞተር ወይስ አራት?

አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን ጉልበተኛ ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ኤርባስ ኤ340-300ን እና ቦይንግ 777-300ኢአርን እንያቸው። የኤርባሱ አራት ሞተሮች ተደምረው ቢበዛ 136,000 ፓውንድ ገደማ ይገፋሉ። የቦይንጉ ሁለቱ 230,000! ቦይንጉ ክብደቱ ቢበልጥም (351 ቶን ለ276 ገደማ) ለአንድ ቶን የሚደርሰው ግፊት ይበልጣል።

ለምን? ሲነሳ አንድ ሞተር ቢጠፋበትም አውሮፕላኑ መውጣት መቻል አለበት። ባለአራቱ የሚያጣው ሩቡን ነው፣ ባለሁለቱ ግን ግማሹን። ስለዚህ ባለሁለቱ ከፋብሪካው ትርፍ ጉልበት ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ሲሠሩ ሽቅብ ይመነጠቃል። ኤ340-300 ግን ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ አብራሪዎችም ይቀልዱበታል። እንደ ቦሌ ባለ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ስስ አየር ሞተርን በሚያደክምበት ቦታ፣ ትርፍ ጉልበት ቀልድ አይደለም።

ነዳጅ ላይም ያው ነው። የባለሁለቱ ሞተር ፊት ላይ ያለው ግዙፍ ማራገቢያ ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፋ ይቆጥባል። የሚጠገነውም ሁለት ሞተር ብቻ ነው።

የባለአራቱ ትልቁ ብልጫ ውቅያኖስ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ባለሁለቱ ከማረፊያ ከ60 ደቂቃ በላይ መራቅ አይችልም ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. 120 ደቂቃ ተፈቀደ፤ ዛሬ ኤ350 እስከ 370 ደቂቃ ይርቃል። የኤ340 ምርት በ2011 ቆመ።