ኪሎ ከቀነስኩ በኋላም አብራኝ ለቆየችው ኮች ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ኪሎ የሚያስቀንስ አሰልጣኝ ሞልቷል። የቀነሰው ኪሎ ተመልሶ እንዳይመጣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ግን እኔ ያገኘሁት አንድ ሰው ነው። ይህ ጽሁፍ ለእሷ ምስጋና ነው፣ ለሚፈልግ ደግሞ ጥቆማ። ሰሞኑን ኪሎ ቀንሰው መልሰው የጨመሩ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። ጠይቄያት ምስጋናውን ደስ ብሏት ተቀብላለች፣ ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ግን አልፈለገችም። እኔ ኮች ነው የምላት፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራት። ሥራዋ ሁለት ነው፦ የአመጋገብ ምክር ትሰጣለች፣ የክብደት (ብረት የማንሳት) ልምምድም ታሠራለች። ሁለቱን ከአንድ ሰው ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ምግቡን አንዱ፣ ስፖርቱን ሌላው ሲይዘው ሁለቱ ባለሙያዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ መሀል ላይ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።

ከእሷ በፊት የነበርኩበት ፕሮግራም ምግቤን በጣም ቀንሶ ቀኑን ሙሉ ካርዲዮ (ሩጫ፣ ሳይክል የመሳሰለውን) የሚያሠራ ነበር። ኪሎውስ ቀነሰ። የተባለው ቁጥር ላይ የደረስኩ ቀን ፎቶ ተነሣሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ከዚያ በቃ። በማግስቱ ምን እንደምበላ የነገረኝ ሰው የለም። ኪሎው ሲመለስም "ዲሲፕሊን የለሽም" ነው የተባልኩት።

ኮች ጋር ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ኪሎ መቀነስ እንደምፈልግ አልነበረም። "የምትፈልጊው ኪሎ ላይ ከደረስሽ በኋላ ባለው ዓመት ምን ትበያለሽ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። "እንግዲህ ሥራችን እሱ ነው፣ መቀነሱ አጭሩ ክፍል ነው" አለችና ደብተሯን አወጣች።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ያስረዳችኝ በዚያው ቀን ነው። ኪሎ ሲቀንስ ሰውነት የሚያስፈልገው ካሎሪም ይቀንሳል። አንደኛ ነገር፣ ያነሰ ሰውነት ያነሰ ጉልበት ነው የሚፈጀው። ሁለተኛ፣ ገቢው የቀነሰበት ቤት ወጪውን እንደሚቆጥብ ሰውነትም ከሚጠበቀው በላይ ይቆጥባል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ የተከታተለው የኬቨን ሆልና የባልደረቦቹ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አብዛኛው ኪሎ ተመልሷል። ሰውነታቸው ግን አሁንም በእረፍት ላይ ሆኖ፣ ለግዝፈታቸው ከሚጠበቀው በአማካይ ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር በቀን የሚያቃጥለው። ስሰማው ደነገጥኩ። ኮች ግን ልታስፈራራኝ አልነበረም። "እነሱ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ኪሎ ነው የቀነሱት፣ አንቺ ላይ ይህን ያህል ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ድሮ ትበዪው የነበረውን ያህል ከበላሽ ለምን እንደሚመለስ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ረሃቡም ቢሆን እንደዚያው ነው። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ አንጎልም "ብዪ" ይላል። ይህን ሳውቅ ትከሻዬ ላይ የነበረ ሸክም ወረደ። ለዓመታት የባሕርይ ጉድለት ተብሎ የተነገረኝ ነገር የሰውነት አሠራር ነው።

አሁን ወደ ጡንቻው ልምጣ፣ ኮችን ከሁሉ በላይ የማከብራት በዚህ ጉዳይ ሐቀኛ ስለሆነች ነው። "ጡንቻ ካለሽ ተኝተሽም ስብ ታቃጥያለሽ" ሲባል ሰምታችኋል አይደል? እኔም ሰምቼ ነው የሄድኩት። እሷ ቁጥሩን አስቀመጠችልኝ። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት ላይ በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው። አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ 4.5 ገደማ። ሁለት ኪሎ ጡንቻ ብጨምር፣ ያውም ብዙ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ በቀን የማገኘው 26 ካሎሪ ነው። አንድ ጉርሻ አይሞላም። ደንበኛ የሚፈልግ ሰው ይህን አይናገርም፣ እሷ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነገረችኝ።

"ታዲያ ብረት ለምን አነሳለሁ?" አልኳት።

መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የክብደት ልምምድ ሳይሠራ ምግብ ብቻ ቀንሶ የከሳ ሰው፣ ከቀነሰው ኪሎ እስከ ሩብ የሚሆነው ስብ ያልሆነ አካል ሊሆን ይችላል፣ ጡንቻም ከዚያ ውስጥ ነው። ኪሎው ሲመለስ ግን በዚያው መጠን አይመለስም። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. አንሰል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ግማሽ ረሃብ ላይ አቆይቶ ነበር፣ ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። በኋላ እንደልባቸው መብላት ሲፈቀድላቸው ስባቸው ከጡንቻቸው ቀድሞ ተመለሰ። ረሃባቸውም ኪሎው ከተመለሰ በኋላ ቶሎ አልለቀቃቸውም። "አየሽ" አለች ኮች፣ "በዳይት እየቀነሱ እየጨመሩ የሚኖሩ ሰዎች ሚዛኑ ላይ ያው ቁጥር ቢሆኑም ውስጣቸው ያው ላይሆን ይችላል። በየዙሩ ጡንቻ ይወጣል፣ በምትኩ ስብ ይገባል።" ስለዚህ ብረቱ ካሎሪ ለማቃጠል አይደለም። የሚወጣው ስብ እንዲሆን፣ ጡንቻው እንዲቀር ነው።

ሌላም አለ። ጉልበት ያለው እግር ይንቀሳቀሳል። ደረጃ ይወጣል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ከምግብ የገባው ስኳር ትልቁ ማረፊያም ጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ካልተሠራበት ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። "ዕድሜዬ ሜታቦሊዝሜን ገደለው" (ሰውነቴ ካሎሪ ማቃጠሉን ቀነሰ ማለታቸው ነው) ለሚሉ ደንበኞቿ ኮች ሁልጊዜ የምትጠቅሰው የሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹን የ2021 እ.ኤ.አ. ጥናት ነው። ከ6,400 በላይ ሰዎች ተለክተው፣ የሰውነት መጠን ታሳቢ ሲደረግ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ የጉልበት ፍጆታ ብዙም እንደማይለወጥ ታይቷል። የሚለወጠው እንቅስቃሴያችንና የምንሸከመው ጡንቻ ነው።

ልምምዱ ላይ ስትሠራ ብታዩዋት ደስ ይላችኋል። ስልኳን አትነካም። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስሠራ ጎኔ ላይ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ነው የምታየው። የጉልበቴ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል በጣቷ ብቻ ታሳየኛለች፣ አትጮህም። ከዚያ ደብተሩ ላይ ትጽፋለች፦ ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከበዱ ወይስ ቀለሉ፣ ማታ ስንት ሰዓት ተኛሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱ በሚቀጥለው ክብደቱ ይጨመራል። መጀመሪያ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ በላስቲክ መሳብ ነበር። ብረቱ የመጣው በኋላ ነው። ሥራ በበዛብኝ ወቅት ላቋርጥ ነው ስላት በሳምንት ሁለት አጭር ቀን አደረገችልኝ። ክብደቱ እስካልቀለለ ድረስ፣ ጡንቻ ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ባለማግኘት ስንቱ ሰው ነው "ወይ ሙሉ ወይ ምንም" ብሎ የሚያቆመው!

ምግቡ ላይ ደግሞ የከለከለችኝ ነገር የለም። መጀመሪያ ያደረገችው የማበስልበትን ዘይት በዓይን ግምት ሳይሆን በማንኪያ እንድለካ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ከጠርሙሱ ሳፈሰው ስንት ማንኪያ እንደነበር ስንለካ ሁለታችንም ዝም አልን። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ትንሽ እየበላን አልቀንስ አልን የሚሉ ሰዎችን ለክቶ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው እንደሚናገሩ አግኝቷል። "ዋሹ ማለት አይደለም" ትላለች፣ "ዓይን ሚዛን ስላልሆነ ነው።" ለጥቂት ሳምንት ለካሁ፣ ዓይኔ ለመደ፣ ከዚያ ተውኩት። ዕድሜ ልክ ሚዛን ይዞ መብላት የሚባል ነገር እሷ ጋር የለም።

ፕሮቲን ላይ ጠበቅ ትላለች። ኪሎ በሚቀንሱበት ጊዜ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም በቀን ነው የምታሰላው። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ይመጣል፣ ያንን በየማዕዱ ማከፋፈል ነው። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻን ያቆያል፣ ካለው ካሎሪም ከ20 እስከ 30 በመቶው ለመፈጨት ብቻ ይወጣል። የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ ሳያየው እሷ ጋር አይጀምርም፣ ይህ ላይ ድርድር የላትም።

ከሁሉ የማመሰግናት ግን ኪሎው ላይ ከደረስኩ በኋላ ለሠራችው ነው። ሌላው ቦታ የሚያልቀው እዚያ አይደል? እሷ ጋር ገና ተጀመረ። ምግቤን በአንዴ አልለቀቀችውም፣ በቀነሰው ልክም አላቆየችውም። በየተወሰነ ሳምንት ወደ 100 ካሎሪ ጨምሪ ትለኛለች፣ የሳምንቱን አማካይ ኪሎ ታያለች፣ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትጨምራለች። እንዲህ እያልን ኪሎዬ የማይወጣበትንም የማይወርድበትንም ልክ አገኘነው። በመሀል አንድ ጠዋት ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ጨምሮ አየሁት። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ትናንት ከሚያስፈልግሽ በላይ ይህን ያህል በልተሻል?" አልበላሁም። ከዚያ ደውላ አስረዳችኝ። ሰውነት ጉልበት በግላይኮጅን (በተጠራቀመ ስኳር) መልክ ሲያስቀምጥ ለእያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውኃ አብሮ ይይዛል። ምግብ ሲጨመር ሚዛን የሚዘለው ብዙውን ጊዜ ከዚህና ከጨው ነው። ያቺ ስልክ ባትደወል ኖሮ ያን ቀን ምግብ አልበላም ነበር፣ በማግስቱ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ።

አሁን የምጠብቀው አንድ ቁጥር አይደለም። ከደረስኩበት ኪሎ በሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ የሚል ክልል ነው። የላይኛውን ጫፍ አልፎ ሁለት ሳምንት ከቆየ ከምግቡ ትንሽ እንቀንሳለን፣ የእግር ጉዞ እንጨምራለን። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሳምንት ሙሉ ጥሩ ስሜት ላይ ሳልሆን የቀረሁበት ጊዜም ነበር፣ ያኔ "ልምምዱ ይቅር፣ በእግርሽ ብቻ ሂጂ፣ ፕሮቲኑን አትርሺ" ነው ያለችኝ።

ቅር የሚላችሁ ነገርም ሊኖር ይችላልና ልንገራችሁ። በጣም ቀስ ትላለች። ለአንድ ዝግጅት በሦስት ሳምንት ልክሳ ብሎ የሚመጣን ሰው በትሕትና ትመልሳለች። ዱቄት፣ ክኒን፣ ሻይ አትሸጥም፣ የ"በፊትና በኋላ" ፎቶም አትለጥፍም፣ ስለዚህ ገጿን ገብታችሁ ብታዩ ሥራዋን አታገኙትም። ደብተር ያልሞላ ሰው ላይ ደግሞ ኮስተር ትላለች። ቀን ላይ መልእክት ቶሎ ላትመልስ ትችላለች፣ ሰው እያሠራች ስለሆነ ነው፣ ማታ ግን ሳትመልስ አታድርም።

ኮች፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ጉልበቴን ሳያመኝ ደረጃ እወጣለሁ፣ ድሮ ለሰው አስይዘው የነበረውን ዕቃ ራሴ ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ከምግብ ጋር መጣላት አቁሜያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የሦስት ቀን የበላችሁትን ሳታሳምሩ ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። መድኃኒት የምትወስዱም ካላችሁ ስሙን ጻፉት። ጠዋት ወይስ ማታ እንደሚመቻችሁም ጥቀሱልኝ፣ የጠዋቱ ሰዓት እየሞላባት ነው።