ከአንዱ ጉዞ ተመልሶ ለሌላው በሚነሱበት ቀን፦ ፒያሳ ወይስ ቦሌ?

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቼና ወዳጆቼ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ማክሰኞ ጠዋት ከጎንደር እንመለሳለን፤ ረቡዕ ንጋት ወደ አርባ ምንጭ እንበራለን፤ ማክሰኞን የት ውለን የት እንደር?» የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው በአዲስ አበባ በኩል ስለሚያልፍ ሰሜንንም ደቡብንም ሊያይ የመጣ ሰው ይህችን አንድ ቀን አያመልጣትም። ብዙዎቹ ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርበናል ብለው ያለ ብዙ ማሰብ ቦሌ ይይዛሉ። እኔ ግን ፒያሳ እደሩ እላለሁ፤ ይህንንም የምለው የሁለቱን ወጪ ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ነው።

ቀኗ የዕረፍት ቀን ትመስላለች እንጂ የሥራ ቀን ናት። የቆሸሸ ልብስ ይታጠባል፣ የተሰበረ ሻንጣ ይጠገናል፣ ያለቀ መድኃኒት ይገዛል፣ ብር ይመነዘራል፤ ጊዜ ከተረፈም አንድ ነገር ይታያል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን የአልጋውን ምቾት ሳይሆን እነዚህ ጉዳዮች ከሆቴሉ በር በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚርቁና ስንት እንደሚያስወጡ ነው።

ዋጋውን በቁጥር ላስቀምጠው። በ2017 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን እኔና ታናሽ እህቴ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ስንመለስ ፒያሳ አደርን፤ የአጎቴ ልጅና ባለቤቱ ደግሞ በዚያው ቀን ቦሌ ስላደሩ ደረሰኛቸውን ተቀብዬ ከእኛው ጋር ጎን ለጎን አየሁት። የእነሱ ክፍል በ75 ዶላር የተተመነ ሲሆን በዕለቱ ምንዛሬ 9,375 ብር ከፍለዋል። የእኛ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል 2,200 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ በዶላር የሚተምን ሆቴልና በብር የሚተምን ሆቴል ያላቸው ልዩነት ድሮ ከምናውቀው እጅግ ሰፍቷል። እጥበቱም እንዲሁ ነው። ዘጠኝ ሸሚዝና አራት ሱሪ ነበረን፤ ፒያሳ ላውንደሪ ቤት ሸሚዙን በ60፣ ሱሪውን በ80 ብር አጥበው ተኩሰው በ860 ብር አስረከቡን። ያንኑ ልብስ በቦሌው ሆቴል የዋጋ ዝርዝር ስናሰላው ሸሚዙ 180፣ ሱሪው 220 ስለሆነ 2,500 ብር ይመጣል። የሁለት ሰው ምሳ ለእኛ 500፣ ለእነሱ 1,200 ብር ሆነ። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርበት የሚባለው ትርፍ የሚታየው በትራንስፖርት ላይ ብቻ ነው፤ እነሱን ሆቴሉ በራሱ መኪና በነጻ አመላልሷቸዋል፣ እኛ ስንመጣ 380፣ ንጋት ላይ ስንሄድ 450፣ በድምሩ 830 ብር ለራይድ ከፍለናል። ሁሉም ሲደመር የእኛ 4,390፣ የቦሌው 13,075 ብር ነው። 830 ብር ላለማውጣት ብሎ 8,685 ብር አብልጦ መክፈል ለእኔ አይገባኝም።

ከዋጋው በላይ ያሳመነኝ ግን የሻንጣው ነገር ነው። ከዚያ ጉዞ በፊት ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ «ኦርጅናል ነው» ተብዬ በ6,800 ብር የገዛሁት ባለ አራት ጎማ ሻንጣ ጎንደር ኮብልስቶን ላይ አንድ ጎማው ተገነጠለ። በማግስቱ ሌላ ጉዞ ስለነበረብን ሻንጣ መተካት ወይም ማስጠገን ግዴታ ሆነ። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ጫማና ቦርሳ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አገኘን። ሻንጣውን ገልብጠው ያልተሰበረውን ጎማ በጣታቸው አሽከረከሩት፤ ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ። ከዚያ ፒኑን በመዶሻ አስወጥተው መሃሉን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ኩሽኔታ የለውም እኮ፤ ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ነው የሚፋተገው» አሉኝ። የጎማው ቀዳዳ በግጭት ሙቀት ቀልጦ ሞላላ ሆኗል። «ጋሼ፣ ሦስቱስ ይቆያሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ የሁሉም አሠራር አንድ ስለሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን መሆኑን ነገሩኝ። ከአሮጌ ሻንጣ የተፈቱ፣ ኩሽኔታ ያላቸው አራት የላስቲክ ጎማዎች በ700 ብር ገጠሙልኝ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አልፈጀም። ያ ሻንጣ ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭንም ሐዋሳንም አይቶ ዛሬም ይሠራል። ቦሌ ብንሆን ኖሮ ከሆቴሉ ወጥተን የምናገኘው ጠጋኝ ሳይሆን ሌላ የሻንጣ ሱቅ ነበር። ሻንጣ የምትገዙ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጎማውን አሽከርክሩት፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው ስም ምንም አያስረዳም።

ፒያሳ ከኮፒ ዕቃ የጸዳ ነው ማለቴ አይደለም። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ባንክ እዚያው ፒያሳ መንገድ ላይ በ900 ብር ገዝቼ የእህቴን ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ሞልቶ ባዶ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ለጉዞ ከፈለጋችሁ ደረሰኝና ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ እንጂ ከእግረኛ መንገድ አትግዙ።

የፒያሳን ጉድለት ልደብቅም አልፈልግም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሱ በኋላ ብዙ የምናውቃቸው ሱቆችና ባለሙያዎች ተበትነዋል፤ እኔም የድሮ ቦርሳ ጠጋኜን ያጣሁት በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በቀድሞ ትውስታችሁ ሳይሆን ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉትን ሊስትሮዎች ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ማን የት እንደተዛወረ ያውቃሉ። አሮጌዎቹ ሆቴሎች ውስጥ ቦይለሩ የማይሠራበት ክፍል ስለሚያጋጥም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሙቅ ውኃውን ከፍታችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። የጊዮርጊስ የቅዳሴ ድምፅ ከሌሊት ጀምሮ ይሰማል፤ ለእኔ ደስታዬ ነው፣ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ግን በጓሮ በኩል ያለ ክፍል መጠየቅ ይሻለዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ምክሬ ይለወጣል፦ በሐምሌና በነሐሴ ማድረቂያ ማሽን የሌለው ላውንደሪ ልብሳችሁን እርጥብ አድርጎ ስለሚመልስ፣ ማሽን መኖሩን ካላረጋገጣችሁ ቦሌ መክፈሉ ይሻላል። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዞ ለሚጓዝም ሊፍት ያለው የቦሌ ሆቴል ተገቢ ነው።

ልብሱ እየታጠበ፣ ሻንጣው እየተጠገነ ሳለ የሚቀረው ጊዜ ፒያሳ ላይ ያለ ታክሲ ወጪ ያልፋል። ከአድዋ ድል በኋላ የታነጸው፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የጊዮርጊስ ካቴድራልም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ቶሞካ ገብቶ ቆሞ ቡና መጠጣት ሩብ ሰዓት አይወስድም። ድንቅነሽን ማየት የሚፈልግ በሚኒባስ ወደ አምስት ኪሎ ወጥቶ ብሔራዊ ሙዚየምን በሁለት ሰዓት ጨርሶ ይመለሳል። ከቦሌ ለሚነሳ ግን ይህ ሁሉ የደርሶ መልስ ታክሲ ይፈልጋል፤ በነጻ መኪና ያተረፈው ገንዘብም እዚያው ያልቃል።

ልብሱን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ተረከቡ፤ ከዚያ በኋላ ላውንደሪ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ጠዋት ደግሞ ከእናንተ በረራ በኋላ ነው የሚከፍቱት። የንጋቱን መኪና ማታውኑ ከአሽከርካሪ ጋር በስልክ ተነጋግራችሁ ቁረጡ፤ ለሊት 10 ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ስለሆነ ከፒያሳ ቦሌ በሃያ ደቂቃ ደርሰናል። ማታ ወደ ውጭ የሚበር ሰው ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ከፒያሳ ይነሳ፤ ከዚያ በኋላ በመስቀል አደባባይ በኩል ያለው መጨናነቅ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆመው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።