ዓሣውን ጤነኛ አድርጎ ይሸጣል፤ ካደገ በኋላስ? በቱሉ ዲምቱ ስለሚገኝ አንድ የጌጥ ዓሣ ሱቅ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫና በአንድ ጁስ ቤት መካከል፣ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። ስሙን አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣው ጉድለት የእርሱ ብቻ ነው ብዬ አላምንምና። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከዚህ ሱቅ ሁለት ጎልድፊሽ፣ ጉፒ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ዓሦች፣ አንድ ፕሌኮ፣ አንድ ፊልተር (የገንዳ ውሃ ማጣሪያ) እና ብዙ ጣሳ የዓሣ ምግብ ገዝቻለሁ፤ ስለዚህ አስተያየቴ ከአንድ ቀን ጉብኝት የመነጨ አይደለም።

በመልካሙ ልጀምር። የሱቁ መስታወቶች ንጹሕ ናቸው፤ በሄድኩባቸው ቀናት ሁሉ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አላየሁም፤ የታመመ የሚመስለውን ለይተው በትንሽ ገንዳ ያስቀምጡታል፣ ገዢ ቢለምናቸውም አይሸጡትም። አዲስ ገንዳ የገዛ ሰው በዚያው ቀን ዓሣ ይዞ እንዲሄድ አይፈቅዱለትም፤ ከዓሣውና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ ድረስ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ እንዳለበት ያስረዱታል። የራስን ሽያጭ የሚያዘገይ ምክር መስጠት ለነጋዴ ቀላል ስላልሆነ ለዚህ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ማሳደር፣ ዓሣው የመጣበትን ፌስታል ከመፍታት በፊት ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ማንሳፈፍ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መያዝ እንደሚገባ የነገሩኝ እነርሱ ናቸው። ዋጋቸው ከመሀል ከተማው ብዙም አይለይም።

ሙያቸውን በቅርብ ያየሁት ፕሌኮውን የገዛሁ ዕለት ነው። ፕሌኮ በከንፈሩ መስታወት ላይ ተለጥፎ አረንጓዴውን አልጌ እየጋጠ የሚያጸዳ፣ ሰውነቱ እንደ ጥሩር በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። ወጣቱ ሻጭ በመረብ ሲያወጣው ጣት የሚያህለው ዓሣ ክንፎቹን ዘርግቶ ቆለፈና እሾኹ ከመረቡ ጋር ተጠላለፈ። ወጣቱ አልጎተተውም። ከነመረቡ ውሃው ውስጥ መልሶ ነከረው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ አልላቀቅ ሲለው መቀስ አነሣና መረቡን ክር በክር እየቆረጠ አስለቀቀው። አንድ ደኅና መረብ በአንድ ትንሽ ዓሣ ምክንያት ከጥቅም ውጪ ሆነ።

ይኸው ወጣት ፌስታሉን በላስቲክ አስሮ ሲያቀብለኝ፣ ዓሣው ምን ያህል እንደሚያድግ ጠየቅሁት። «ያድጋል ጋሼ፤ ከገንዳዎ በላይ ከሆነብዎት ግን አይጨነቁ፣ አቃቂ ወንዝ ወስደው ይልቀቁት። ነፍስ ነው፣ ያሳዝናል» አለኝ። መረቡን ያስቆረጠችው ርኅራኄ ናት ይህንንም ያናገረችው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ሱቅ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ተራው ፕሌኮ ጣት በሚያህልበት ዕድሜው ይሸጥ እንጂ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሱቁ ከሚሸጣቸው ገንዳዎች ትልቁ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። እንግዲህ ዓሣው ከገዢው ቤት አንድ ቀን መውጣቱ እንደማይቀር ሻጩ ያውቃል ማለት ነው፤ የመጨረሻ ማረፊያው ወንዝ መሆኑም ሳይጻፍ የሽያጩ አካል ሆኗል። ጎልድፊሽም ቢሆን በጠባብ መስታወት እየታየ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሰፊ ውሃ ካገኘ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ዕድሜውም በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው።

ይህንን ለጎረቤቶቼ ባነሣ፣ አንድ አባት «ኧረ ተው ልጄ፣ አቃቂ ውስጥ እንኳን ዓሣ እንቁራሪትስ ይኖራል?» አሉኝ። የወንዙን መበከል ለማያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። ችግሩ ግን ሰው ለመልቀቅ የሚመርጣቸው እነዚህ ሁለት ዓሦች ከሌሎቹ ይልቅ መጥፎ ውሃን የሚችሉ መሆናቸው ነው። ፕሌኮ ውሃው ኦክስጅን ሲያጣ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይውጣል፤ ጎልድፊሽ ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ቀዝቃዛ ውሃ ሲቆይ በሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) በኩል ማስወጣት የሚችል ፍጡር ነው። ብክለት ነባሮቹን እየገደለ ለእንግዶቹ ቦታ ይለቅላቸዋል። ውሃውም ባለበት አይቆምም፤ ትልቁም ሆነ ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከየቦዩ ያገኘውን ጠራርጎ ወደ ታች ይወስዳል። ሌላው የምሰማው መከራከሪያ፣ የሞቀ አገር ዓሣ በአዲስ አበባ ብርድ አያድርም የሚለው ነው። ለጉፒ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጎልድፊሽ ግን በብርዳማ አገሮች በረዶ በጋገረው ውሃ ሥር የብርዱን ወራት የሚያሳልፍ ዓሣ ነው። ቆቃም ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ውሃው ከእኛ አካባቢ ይልቅ ሞቃት ነው፤ ወንዙ ደግሞ ወደዚያው ያደርሳል።

በሌላው ዓለም የደረሰውን ማየት ይበቃል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የምትገኘው የበርንስቪል ከተማ፣ ሰዎች የለቀቋቸው ጎልድፊሾች ኬለር በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ኳስ አክለው በመገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ነዋሪዎቿን «እባካችሁ ዓሣችሁን ሐይቅና ኩሬ ውስጥ አትልቀቁ» ብላ በይፋ ለምናለች። ጎልድፊሽ ምግቡን ከጭቃው ሥር እየቆፈረ ስለሚፈልግ የጠራውን ውሃ ያደፈርሳል፣ ተክሉን ይነቅላል፣ የሌላውን ዓሣ እንቁላል ይበላል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የሜክሲኮው ነው። ኢንፊየርኒዮ የተባለው ግድብ ሐይቅ እኛ ቆሮሶ በምንለው ዓሣ ምርቱ የታወቀ ነበር፤ ፕሌኮ ገብቶ ከተራባ በኋላ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲስቡ የሚያገኙት ገበያ የማይገዛው እሾኻም ዓሣ ሆነ፣ መረቡም እየተቀደደ ያልቅባቸው ጀመር። በሱቁ ውስጥ ለአንድ ጣት ለሚያህል ዓሣ አንድ መረብ ተቆርጧል። ቆቃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥሎ ለሚያድር፣ ቆሮሶና አምባዛ ሸጦ ልጆቹን ለሚያስተምር ሰው በአንድ ጊዜ ሃምሳና ስልሳ እንዲህ ያለ ዓሣ ቢገባበት፣ በመቀስ ክር በክር እየቆረጠ ሊያስለቅቃቸው ነውን? ወንዱ ፕሌኮ በዚህ ላይ ለእንቁላሉ ማስቀመጫ የውሃውን ዳርቻ በጥልቀት ይቦረቡራል፤ አፈሩ እየተናደ ወደ ውሃው ይገባል። ደለል ቀድሞውኑ ላስቸገራቸው ግድቦቻችን ይህ ተጨማሪ መከራ ነው።

ሱቁ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ዓሣ በኦክስጅን በተሞላ ፌስታል አሽጎ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሐዋሳ ይልካል። አሽገው ሲልኩ አይቻለሁ፤ ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ሆኖም ባሕር ዳር ሲባል ልቤ ይደነግጣል። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ የመሰሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፣ እንቁላላቸውንም በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። እንቁላል ለቃሚ እንግዳ ዓሣ እዚያ ቢለቀቅ የሚጠፋው ሌላ አገር ሄደን የማናመጣው ነው። ስለ እንግዳ ዝርያ ጣናን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳትም አያስፈልግም፤ እምቦጭን አይቷል። ያ ተክል ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ስላማረ፣ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ስለዚህ ከሱቁ የሚሸጡት የውሃ ተክሎችም ከዓሣው ባልተናነሰ ያሳስቡኛል፤ ቅንጣቢያቸው እንኳን ሊበቅል ይችላል።

ስለ በሽታ አንድ ነገር ልጨምር። ከሩቅ የመጣ ዓሣ ጤነኛ መስሎ እየታየ ተሕዋስያን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ጨው የተነሰነሰበት የሚያስመስለው የነጭ ነጥብ በሽታና ቆዳው ላይ ተሰክቶ የሚመጠው ክር መሰል ጥገኛ በጌጥ ዓሦች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ወንዝ ውስጥ ግን ታማሚውን ለይቶ በትንሽ ገንዳ የሚያስቀምጥ የለም።

ይህን ሁሉ ይዤ ከአንድ ወር በፊት የሱቁን ባለቤት አነጋገርኩ። ሴት ናት፤ በትዕግሥት ሰማችኝ፣ ቡናም አስፈላችልኝ። «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ያሳደገውን ዓሣ ቢያመጣልኝ የት አደርገዋለሁ? ኪራዩ የሚከፈለው በካሬ ነው» አለችኝ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፣ ላጣጥለው አልፈልግም። በመጨረሻ ጎልድፊሽና ጉፒ ያለ ክፍያ መልሳ እንደምትቀበል፣ ፕሌኮ ግን ቦታ ስለሌላት እንደማትቀበል ነገረችኝ። በእኔ እምነት የማትቀበለውን ባትሸጥ ይሻል ነበር፤ ይህንኑም በፊቷ ተናግሬያለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ በፕሌኮው መስታወት ላይ «እስከ 40 ሴ.ሜ ያድጋል» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁ። በሌሎቹ መስታወቶች ላይ ምንም አልተጻፈም። ወጣቱ ሻጭ ግን አንዲት እናት ስለ ጎልድፊሽ ስትጠይቀው «ከተቸገሩ ወደ እኛ ይመልሱት፣ ወንዝ አይልቀቁት» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚህ ሱቅም ሆነ ከሌላ ገዝቶ የተቸገረ ሰው መጀመሪያ ሻጩን ይጠይቅ፤ እምቢ ካለው ሌላ አርቢ ወይም ገንዳ ያለው ትምህርት ቤት ይፈልግ። የገንዳውን ውሃ ወደ ቦይ መድፋት አይገባም፤ ቀንድ አውጣና እንቁላል አብሮ ይሄዳልና አትክልት ሥር ቢፈስ ይሻላል፣ ተክሉንም ይጠቅመዋል። የተነቀለው የውሃ ተክል ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ይቃጠል። ዓሣው ሊድን በማይችል ሕመም ከተያዘ ደግሞ ሽንት ቤት ከመጣል ይልቅ፣ የቅርንፉድ ዘይት በጥቂት ውሃ በጥብጦ ዓሣው ወዳለበት ዕቃ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል፤ መጀመሪያ ያንቀላፋል፣ መጠኑ ሲጨምር ሳይሠቃይ ይሞታል። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ አድርጌው ሁለት ቀን ከፍቶኝ ሰንብቻለሁ።

ለንጽሕናውና ለዓሣ አያያዙ ለሱቁ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ፣ ለምክሩ ግን ከሁለት በላይ አልሰጥም፤ ወረቀቱ በሁሉም መስታወቶች ላይ የተለጠፈ ዕለት ይህን ቁጥር አሻሽላለሁ። የእኔው ፕሌኮ አሁን 31 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ሳሎኔ ጥግ፣ ማሞቂያ በገባበት 200 ሊትር በሚይዝ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ነው ያለው፤ ሌሊት ሌሊት ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ እሰማዋለሁ። ጤነኛ ነው፣ ዱባና ቆስጣ ይበላል። ሰፊ ገንዳ ያለውና እስከ መጨረሻው ሊያኖረው የሚችል ሰው ካለ ለሱቁ ባለቤት ይንገራት፤ በነፃ አስረክበዋለሁ፣ ማሞቂያውንም እጨምርለታለሁ።