በደሴ ፒያሳ የተማርኩት ፕሮግራሚንግ፦ የመጀመሪያው ኮርስ ይመከራል፣ ሁለተኛው ይታሰብበት

በደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በበሩ ላይ «ፕሮግራሚንግ ማንኛውም ሰው ይችላል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር የሚሰጠውን የጀማሪዎች የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ኮርስና ተከታዩን የድረ ገጽ ሥራ ኮርስ ተከታትያለሁ፤ ማስታወቂያው የሚሠራው ለመጀመሪያው ነው።

የጀማሪዎቹ አሠልጣኝ ኮምፒውተር ከማስከፈታቸው በፊት ወረቀትና እርሳስ ያስይዛሉ (መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ የማይቋረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው)። ከሰጡን ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት የዛሬው ቀን ሲነገረው የነገውን የሚመልስ ፕሮግራም እንድንሠራ ያዘዙበት ነው። ከዩቲዩብ ብዙ የተማረ አንድ ወጣት ቀኑ ላይ አንድ የሚደምር ኮድ ወዲያው ጽፎ ጨረሰ፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ከመስከረም 30 ቀጥሎ መስከረም 31 ነው አለ። በሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ እናት ግን ገና ወረቀታቸው ላይ ሳሉ «ጳጉሜንንስ ምን እናድርጋት? በዘመነ ሉቃስ እኮ 6 ናት» ሲሉ ጠየቁ። አሠልጣኙ ይህን ተቀብለው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ በ2015 እንደነበረው፣ ጳጉሜን 6 ቀን፣ በሌላው ዓመት 5 ቀን እንደምትሆን በደንብ መልክ አስጻፉን። 12ቱ ባለ 30 ቀን ወራትና የዓመቱ መለወጫ በየተራቸው ከተቀመጡ በኋላ የቀረው ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ነበር፤ እኚያ እናትም ከወጣቱ ቀድመው ትክክለኛውን ፕሮግራም አስረከቡ። ፓይተን መመረጡም ተገቢ ነው፤ እንደ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ጥምዝ ቅንፍና ድርብ ሰረዝ ስለማያበዛ ጀማሪው ሐሳቡን ከምልክቶች ጋር በመታገል አያባክንም።

በሁለተኛው ኮርስ ወረቀቱ ይቀራል። ሌላ አሠልጣኝ የተዘጋጀ ኮድ ግድግዳ ላይ ያሳያሉ፣ ሠልጣኙ ይገለብጣል፣ በመጨረሻም ሁላችንም አንድ ዓይነት የሱቅ ድረ ገጽ ይዘን እንወጣለን። በዋጋው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚደምር ክፍል ጨምሩ ስንባል አብዛኞቻችን ከየት እንደምንጀምር ጠፋን፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ለሁላችንም እኩል ተሰጠ።

ኮምፒውተሮቹ ለሁለት ሰው አንድ ስለሆኑ ላፕቶፕ ያለው ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። የጀማሪዎቹን ኮርስ የጨረሰ ሰው ለሁለተኛው ከመክፈሉ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ እንዲያይ ይጠይቅ፤ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል።