ከልጅ ጋር ለመውጣት፦ ማዘያ ይሻላል ወይስ ጋሪ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃን ይዘን ስንወጣ የቱ ይቀለናል?

ዋጋ፦ ማዘያ ርካሽ ነው፤ ጠንካራ ነጠላም ይበቃል። ጋሪ ውድ ነው።

ታክሲ፦ እዚህ ላይ ማዘያን የሚያክለው የለም። ሚኒባስ ውስጥ ለታጠፈ ጋሪ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ረዳቱ ተጨማሪ ሒሳብ ቢጠይቅም አይገርምም። ያዘለች እናት ግን ልጇን ወደ ፊት አዙራ፣ ታቅፋ ትቀመጣለች።

መንገድ፦ ኮብልስቶን ላይ የጋሪ ትንንሽ ጎማ ይንገጫገጫል፤ የተኛው ልጅ ይነቃል።

ደህንነት፦ ይህን አደራ! አንገቱ ያልጠና ሕፃን ጀርባ ላይ አይታዘል። ደረት ላይ ሆኖ ፊቱ ይታይ፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ። ለዳሌው ጤና እግሮቹ ተከፍተው ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ይበል። ጋሪ ከሆነ ቀበቶው ይታሰር፣ ሲቆም ፍሬኑ ይያዝ። ለፀሐይ ተብሎ በጨርቅ መሸፈን ግን ውስጡን ያግላል።

ለመርካቶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደረጃ፣ ለታክሲ መንገደኛ ማዘያ። ልጁ ከከበደ፣ ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ወይም እንደ ወዳጅነት ፓርክ የተነጠፈ ሰፊ ቦታ ከዋላችሁ ጋሪ ይሻላል፤ ምሳውንና ዳይፐሩንም ይሸከምላችኋል።