ለኪራይ የሚገዛ ቤት በድሬዳዋና በሐረር፦ የትኛው ተከራይ ያቆያል?

ድሬዳዋ ላይ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሴራሚኩ፣ ካቢኔቱና በሩ ላይ ነው። ተከራይ ግን በሴራሚክ ምክንያት ቤት አይለቅም። የሚለቀው ውኃ ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት ነው፤ ወይም ግድግዳው እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ሲተፋ እንቅልፍ አጥቶ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤቶቹ የሚመዘኑት በውኃና በሙቀት ነው፤ ሰነድና ዋጋ ቀጥለው ይመጣሉ።

ለጀማሪ ገዥ በመጀመሪያ የሚመከሩት ሳቢያን አካባቢ ያሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሞች ናቸው። ተከራያቸው ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አለ፣ የባቡሩ ባለሙያ አለ፣ ነፃ የንግድ ቀጣናው ውስጥ ጉዳይ ያለው ነጋዴ አለ። አንዱ በኩል ሥራ ቢቀዘቅዝ ቤቱ ከሌላው በኩል ሰው ያገኛል። ፎቁን መምረጥ ግን የግድ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ጣሪያው ኮንክሪት ከሆነ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቁልቁል ይለቀዋል፤ የውኃ ግፊትም እዚያ ድረስ መውጣት ያቅተዋል። ምድር ቤቱ ደግሞ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ ቆሻሻው መጀመሪያ የሚመለስበት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ገብተው የሽንት ቤት መቀመጫውን ግርጌ ይመልከቱ፤ ሲሚንቶው በቅርቡ የተለሰነ ከሆነ ወይም የግድግዳው ሥር የውኃ ወሰን ከያዘ፣ ፍሳሹ ከዚህ በፊት ተመልሷል ብለው ይጠርጥሩ። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ይሻላሉ። በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድ፣ ባለዕጣው ውል የገባበትን ቀን በዓይንዎ ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።

የውኃው ነገር ሰፋ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። ከተማዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት ከባድ ውኃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው እሱ ራሱ ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። ግማሽ ኢንች የነበረው መስመር ከዓመታት በኋላ እስክሪብቶ የማያሳልፍ ይሆናል፤ ቫልቮች ተጣብቀው አልዘጋ ይላሉ፤ የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ። ቤቱን ሲያዩ የሻወሩን ራስ ፈትተው ውስጡን ይመልከቱ። ያ ራስ በነጭ ጠጠር ከተሞላ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧም ከዚያ የተሻለ እንዳይመስልዎት። የሻወሩ ራስ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አቼቶ ውስጥ ነክሮ ማሳደርና ማግስቱን በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ። የተቀበረው የብረት ቧንቧ ከሆነ ግን በፕላስቲክ ቱቦ መለወጥ አለበት፤ ሴራሚኩ ስለሚፈረስ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀድመው ይከራከሩበት።

ፍሰቱን መለካት ደግሞ ጀሪካንና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከኩሽናው ቧንቧ ሥር ያስቀምጡና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይያዙ። ከ3 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ያ ቤት ያለ ሮቶ አይከራይም። ልኬቱን ማለዳና ከሰዓት በኋላ ይድገሙት፤ ሻጩ ቤቱን ማሳየት የሚወደው ውኃ ባለበት ሰዓት ነውና። ለአንድ ቤተሰብ 2,000 ሊትር ሮቶ ዝቅተኛው ነው፤ አራት ሰው እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም ለ10 ቀን ይበቃል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሠራለት፤ ጥላ የሌለው ሮቶ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ለእጅ የማይቻል ውኃ ያወርዳል። ከመንገድ ቧንቧ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ የገጠመ ቤት ካገኙ ይተውት፤ የጎረቤትን ውኃ ስለሚስብ ጠቡ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጥልዎታል። ትክክለኛው አሠራር ውኃው በራሱ ግፊት መሬት ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

ግቢ ውስጥ ያሉ ሰርቪስ ቤቶች ከአንድ ትልቅ ቪላ የተሻለ ያስገባሉ፤ አንዱ ቢለቅ ሌሎቹ ይከፍላሉ። ጣሪያቸው ግን ብዙ ጊዜ ያለ ኮርኒስ የተመታ ቆርቆሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍል በድሬዳዋ ፀሐይ ቀን ላይ አያስቀምጥም። ኮርኒሱ ይመታ፣ ከቆርቆሮው ጋር ቢያንስ አንድ ክንድ ክፍተት ይኑረው፣ ክፍተቱም በሁለት ወገን በሽቦ ወንፊት የተዘጋ መተንፈሻ ይውጣለት። መተንፈሻ የሌለው ኮርኒስ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስወጣውም። ሌላው ጣጣ ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምር ነው፤ ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ሁሉም ከፍተኛው እርከን ላይ ወጥተው ይከፍላሉ። ቬንቲሌተር ያለውና ፍሪጅ ያለው በየወሩ ይጣላሉ። ቆጣሪ ለየብቻ ማስገባት ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ክፍል የግል መለኪያ ገጥሞ ሒሳቡን እንደ ንባቡ ማካፈል ይቻላል።

ከዚራ ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች በአሠራራቸው የከተማዋ ምርጥ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ መንገዱም ጥላ አለው። ለኑሮ ከእነሱ የሚበልጥ የለም። ለገዥ ግን የሚያስፈራው ወረቀታቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ስለሆነ፣ እንዲህ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች የቀበሌ ወይም የመንግሥት ቤት ሆኖ ለዘመናት የተኖረበትን «ቁልፍ እንሽጥልህ» የሚል ሰው ሊያጋጥም ይችላል። የቁልፍ ሽያጭ የሚባል መብት የለም፤ ገንዘቡ የሚጠፋ ገንዘብ ነው። ካርታ ካለ ደግሞ ካርታውን ይዞ መሬት አስተዳደር ሄዶ ከዋናው ፋይል ጋር ማመሳከር፣ እግድና የባንክ ዕዳ መኖሩን ማጣራት፣ የሊዝ ይዞታ ከሆነ ያልተከፈለውን ቀሪ በጽሑፍ ማስወጣት ያስፈልጋል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባልና የሚስት ፊርማ ሁለቱም ይኑር፤ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ቤትን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወረቀቱ «ለመሸጥ» የሚለውን በግልጽ መያዙን ያንብቡ፤ ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም።

ደቻቱ ዳር ያለ ቤት በርካሽ ሲቀርብ ምክንያት አለው። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ስለሆነ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ይደርሳል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ሻጩ ቀለም ቢቀባም ግድግዳው ይናገራል፤ ጉልበት አካባቢ ልስኑ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ፣ የበሩ መቃን ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ እንጨት ከሆነ፣ ቤቱ ውኃ ገብቶት ሊሆን ይችላልና ጎረቤት ይጠይቁ። ለኪራይ አይገዛም።

ሐረር ሌላ ገበያ ናት። አየሩ ወይና ደጋ ስለሆነ ቬንቲሌተሩ ይቀርና ቦይለር የግድ ይሆናል። የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫ ስለሆነች የመከላከያ ተከራይ ብዙ ነው። ደመወዙ በወሩ የሚገባለት፣ ቤት በአግባቡ የሚይዝ ተከራይ ነው፤ ችግሩ ዝውውር ነው። ትእዛዝ ሲመጣ ይሄዳል፣ አከራዩ ሊያስቀረው አይችልም። መድኃኒቱ ቤቱን ለተንቀሳቃሽ ሰው ማዘጋጀት ነው፦ ግድግዳ ላይ የተሠራ ቁም ሳጥን፣ የኩሽና መደርደሪያ፣ ደህና ቁልፍ። ዕቃ የማያበዛ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ከሌላው አስበልጦ ይከራያል። ከዓመቱ ሁለት ወር ባዶ እንደሚያድር አድርገው ያስሉ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ግን ለመደበኛ ኪራይ መግዛት አይመከርም፤ ግንቡና ውስጡ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ግድግዳ ማንቀሳቀስ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል።

ደላሎች ዋጋ ሲያስወድዱ ጅቡቲን ለማነጻጸሪያ ይጠራሉ። ጅቡቲ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይናና የጃፓን ጦር ሰፈሮች ያሉባት የወደብ አገር ናት፤ ፍራንኳም ለ1 ዶላር 177.721 ሆኖ የታሰረ ነው። የድሬ ተከራይ ግን የሚከፍለው በብር ከደመወዙ ነው። ዋጋውን በእሱ አቅም ይለኩት። ለስሌት ያህል፣ 4,000,000 ብር የተገዛ ቤት በወር 15,000 ቢከራይ በዓመት 180,000 ይሆናል። አንድ ባዶ ወርና 12,000 ብር የጥገና ወጪ ሲነሣ 153,000 ይቀራል፤ ከግብር በፊት 3.8 በመቶ ማለት ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው የቤቱ ዋጋ መጨመር ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ውሉን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ቤት ለማደስ ያሰበ ሰው ዕቅዱን ይለውጥ። ሐረር ላይ ክልሉ ያወጣውን አፈጻጸም ከቤቶች አስተዳደር ይጠይቁ። ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ፣ የሮቶውን ሁኔታና የእያንዳንዱን ቧንቧ ፎቶ ከውሉ ጋር አያይዘው ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፤ ቅርፊት የዘጋው ሻወር የማን ጥፋት እንደሆነ ክርክር የሚነሣው ሁልጊዜ በመውጫው ቀን ነው።