ባለ ሦስት ሰሌዳ የጋዝ ክፍል ማሞቂያ፦ ከአንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ወቅት በኋላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለነዋሪዋ እንግዳ አይደለም፤ አንዳንድ ማለዳ በረንዳ ላይ ያደረ የባልዲ ውሃ ላዩን ስስ በረዶ ይዞ ይገኛል። በእኛ ቤት ይህን ብርድ ለዓመታት የተከላከልነው በከሰልና በባና ነበር። እናቴ ደረቷን መታመም ስትጀምርና ሐኪሙ ከሰሉን እንድናስቀር ሲነግረን ግን፣ አዲስ አበባ ወርጄ ከመርካቶ በቡታጋዝ የሚሠራ የክፍል ማሞቂያ ገዝቼ ተመለስኩ። አምራቹንም ሻጩንም በስም አልጠራም፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በየሱቁ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ፣ የምጽፈው ለአብዛኞቹ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው እስከ ወገብ የሚደርስ የቆርቆሮ ሣጥን ሲሆን ከሥሩ ጎማዎች አሉት፤ ባለ 12.5 ኪሎው ሲሊንደር በጀርባው ይገባል፣ ከፊቱ ደግሞ ሦስት የሴራሚክ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ቆመው በሽቦ መከለያ ተሸፍነዋል። የተለጠፈበት ጽሑፍ ሦስቱም ሲነዱ ኃይሉ 4.2 ኪሎዋት፣ የሚበላው ጋዝ በሰዓት 305 ግራም፣ የጋዙ ግፊት ደግሞ 30 ሚሊባር መሆኑን ይገልጻል። በዚህ ስሌት አንድ ሲሊንደር ሦስቱንም ሰሌዳ 41 ሰዓት ያህል፣ አንዱን ብቻ ደግሞ 120 ሰዓት ገደማ ማንደድ አለበት። ከካርቶኑ የወጣው ሬጉሌተር ከእኛ ሲሊንደር ራስ ጋር ስላልገጠመ ሌላ መግዛት ግድ ሆኖብኛል፤ ገዢ ሁሉ ከሱቁ ሳይወጣ ይህን ቢያረጋግጥ መንገድ ይተርፈዋል።

ስለ ማቃጠያው ጥቂት ማብራራት አለብኝ፣ ምክንያቱም የዚህ ዕቃ ጥሩ ጎንም ሆነ ድክመቱ ያለው እዚያ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ቡታን፣ ብቻውን አይነድም፤ አንድ ጣሳ ቡታን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 31 ጣሳ ያህል አየር ይፈልጋል። ጋዙ በመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ በፍጥነቱ የአካባቢውን አየር እየጎተተ ወደ ቱቦው ይገባል። ይህን ዘዴ ያስታወቀው በ1855 በሃይደልበርግ ቤተ ሙከራ ሥራ ላይ የዋለው የቡንሰን ማቃጠያ ነው። በማድ ቤታችን ምድጃ ላይ ከሚያስፈልገው አየር ከፊሉ ብቻ አስቀድሞ ከጋዙ ጋር ይቀላቀላል፣ ቀሪውን እሳቱ ከዙሪያው ይስባል፤ ውስጡ ደመቅ ያለ፣ ውጪው የደበዘዘ ሰማያዊ ነበልባል የምናየው ለዚህ ነው። በዚህ ማሞቂያ ግን አየሩ በሙሉ አስቀድሞ ተቀላቅሎ፣ በሰሌዳው ላይ ባሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ፣ እዚያው ሴራሚኩ ገጽ ላይ ይነዳል። ስለዚህ «ሰማያዊ እሳት ጥሩ፣ ቀይ እሳት መጥፎ» የሚለው የለመድነው መለኪያ እዚህ ያሳስታል። ሲለኮስ ለጥቂት ሰከንዶች ሰማያዊ ስስ ሽፋን ይታያል፤ ከዚያ ሰሌዳው ከመሐሉ ወደ ዳር እየቀላ ሄዶ ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት እንደ ፍም ይግላል። መጥፎው ምልክት የሰሌዳው መቅላት ሳይሆን፣ ከሰሌዳው ተነጥሎ የሚወዛወዝ ቢጫ ምላስ ነው፤ ያ ጋዙ በቂ አየር እንዳላገኘ ይናገራል።

በሙቀቱ ረገድ ዕቃውን አመሰግናለሁ። የጋለው ሰሌዳ የሚሰጠው ሙቀት እንደ ፀሐይ ጨረር በቀጥታ የሚያርፍ ስለሆነ፣ ክፍሉ ገና ሳይሞቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው በደቂቃ ውስጥ ይሞቀዋል። እናቴ በአንድ ሰሌዳ ብቻ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ማምሸት ችላለች። ጀርባዋ ግን ስለማይሞቅ ጋቢው ከትከሻዋ አልወረደም።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ምሽት ነው። ማስነሻውን ተጭኖ ለ20 ሰከንድ ያህል መያዝ ያስፈልጋል፤ ፓይለት የምትባለው ትንሽ እሳት ቴርሞኮፕል የተባለውን የብረት ዘንግ ጫፍ ስታግል፣ ዘንጉ ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያችም የጋዙን በር ከፍቶ የሚይዘውን ማግኔት ታጠናክራለች። እኔ በለቀቅኩት ቁጥር እሳቱ ቀጥ ይላል። በአራተኛው ሙከራ ያዘ፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን «ጠቅ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ጠፋ። ሻጩ ዘንድ ስደውል «ሌላ ደንበኛ እንዲህ ብሎን አያውቅም» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም።

በሠፈራችን ቡታጋዝ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት መጡና የኋላ ክዳኑን ከፍተው ፓይለቷን ለኮሱ። «እያት ልጄ፣ ሰንፋለች» አሉኝ። እውነትም እሳቷ ዘንጉን በመላስ ፈንታ ጫፏ ወደ ቢጫ አዘንብሎ ወደ ላይ ትዝለፈለፍ ነበር። የፓይለቷ አየር መሳቢያ ቀዳዳ በክርና በአቧራ ተደፍኖ ስለነበር በቀጭን ብሩሽ ጠርገው እፍ አሉበት፤ እሳቷም ወዲያው ሰማያዊ ሆና ዘንጉን አቀፈችው። ይሁን እንጂ በሩንና መስኮቱን በዘጋን ቁጥር ማሞቂያው አንድ ሰዓት ሳይሞላው መጥፋቱን አልተወም። አዛውንቱ ተመልሰው መጥተው «ይቺን ጠባቂ አልፈን በቀጥታ እናገናኘው? አይጠፋብህም» ሲሉኝ፣ «ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አልኩ፤ እርሳቸውም ደግመው አላነሡትም።

እምቢ ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ይህች ፓይለት የክፍሉን አየር እንድትጠብቅ ተለክታ የተሠራች ናት። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 18 በመቶ አካባቢ ሲወርድ እሳቷ ከዘንጉ ትነሣለች፣ ዘንጉ ይቀዘቅዛል፣ ማግኔቱ ይለቅቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። እኛ ከተማ የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ነው፤ በመሆኑም ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካች እሳት ከመነሻውም ጠርዝ ላይ ቆማ ትነዳለች፣ ክፍሉ ጥቂት ሲታፈን ቶሎ ትለቅቃለች። የመመሪያውን ደብተር መጨረሻ ገጽ በአጉሊ መነጽር ሳነብ፣ ማሞቂያው ከ2,000 ሜትር በላይ በራሱ ሊጠፋ እንደሚችል የምትገልጽ አንዲት መስመር አገኘሁ። አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ ልክ በላይ ነው! ለደጋ አገር የሚሸጥ ዕቃ ይህን መስመር ከካርቶኑ ፊት ላይ ሊያወጣው ይገባ ነበር።

የከፍታው ነገር በፓይለቷ ብቻ አያበቃም። በአሜሪካ የጋዝ ዕቃ ገጣሚዎች የሚከተሉት የተለመደ ደንብ ከባሕር ወለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ የማቃጠያውን ኃይል 4 በመቶ ያህል እንዲቀንሱ ያዛል፤ በደብረ ብርሃን ሲሰላ ከሢሶ በላይ መሆኑ ነው። ይህም የሚደረገው የጋዙን መውጫ ቀዳዳ በጠበበ በመተካት ነው። እኔ ለሦስት ሰዓት ሦስቱንም ሰሌዳ አንድጄ ሲሊንደሩን በሚዛን ሳስመዝነው የቀነሰው 800 ግራም ገደማ ነበር፤ በጽሑፉ መሠረት ከ900 ግራም በላይ መቀነስ ነበረበት። ጋዙም እንደ አየሩ ስለሚሳሳ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ክብደት ያንሳል ማለት ነው፤ ይህን እንደ ቁጠባ የሚቆጥር ካለ ሙቀቱም በዚያው ልክ ማነሱን አይርሳ። ጠበብ ያለ ቀዳዳ እንዲያስመጡልኝ ሻጮቹን ብጠይቅም ምን ለማለት እንደፈለግኩ እንኳ የገባቸው አልመሰለኝም።

ሻጩ «ጭስ የለውም፣ መስኮት መክፈት አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ግን አደገኛ ስሕተት ነው። ይህ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ስለሌለው የቃጠሎው ውጤት በሙሉ እዚያው እኛ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ይቀራል። አንድ ኪሎ ቡታን ሲነድ 3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ሦስቱ ሰሌዳዎች በነደዱበት ምሽት የሳሎኑ መስታወት ከላይ እስከ ታች እያለቀሰ፣ ጠዋት የመጋረጃው ጫፍ ርሶ አገኘነው። አየር ባነሰ ጊዜ ደግሞ ቃጠሎው ሳይሟላ ቀርቶ፣ ከከሰል የምናውቀው ሽታ አልባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል። ስለዚህ በመኝታ ቤት ውስጥ፣ ይልቁንም ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ይህን ዕቃ ማንደድ ለማንም አልመክርም።

ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ መፈተሽም የግድ ነው። ቡታን ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ያፈተለከው ወለል ለወለል ይተኛል፤ ቁመን በምናሸትበት ከፍታ ላይ ላይሰማን ይችላል።

ፍርዴን ላስቀምጥ። የሴራሚክ ሰሌዳዎቹ አሠራር ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ፈጣን ነው፣ የቆርቆሮው ሥራም ንጹሕ ነው። ሰፊ ሳሎን ላለውና መስኮት ለመክፈት ለማይሰስት ሰው እስማማበታለሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ላለው ግን፣ ሻጩ ምንም ቢለው፣ አይሆነውም። እኛ ቤት አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ሰሌዳ ብቻ ይለኮሳል፣ የላይኛው መስኮት አንድ ስንዝር ይከፈታል፣ የኮሪደሩም በር ገርበብ ይላል፤ እንዲህ ሆኖ ከጥር ወዲህ አንድም ቀን በራሱ አልጠፋም። 3 ሰዓት ሲሆን እናቴ ራሷ ተነሥታ የሲሊንደሩን ቁልፍ ትዘጋና ባናዋን ይዛ ወደ መኝታዋ ትገባለች።